መልስ፦ ልጆችና እናቴን ይዤ ትልቅ ቦታኒክ ጋርደን በአንድ ቀን እንዴት ልጨርስ?

ሰላም እህቴ፤ የ4 እና የ7 ዓመት ልጆችሽንና ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናትሽን ይዘሽ ሙሉውን ቦታኒክ ጋርደን (ልዩ ልዩ ተክሎች ለእይታ የሚበቅሉበትን ሰፊ የአትክልት ስፍራ) ለማየት አስበሻል። እኔ ግን ለመጨረስ አትሞክሪ እልሻለሁ። ለንደን ያለው ኪው የሚባለው ቦታኒክ ጋርደን ለምሳሌ ወደ 130 ሄክታር ስለሚሰፋ ጤነኛ ጎልማሳም በአንድ ቀን አይዞረውም። ሁለት ወይም ሦስት ቦታ መርጣችሁ በደንብ እዩ።

በሩ ሲከፈት ግቡና መጀመሪያ ወደ መስታወት ቤቱ፣ ማለትም ሙቀት የሚወዱ ተክሎች ወደሚበቅሉበት የመስታወት ሕንፃ ሂዱ፤ ውስጡ ስለሚወብቅ ቀትር ላይ ይከብዳል። ሥጋ በል ተክሎች ካሉ እዚያ ቆዩ። ቬነስ ፍላይትራፕ የምትባለው ነፍሳቱ ፀጉሮቿን በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለቴ ሲነካ ነው ቅጠሏን የምትዘጋው። ለትልቁ ልጅሽ ይህን ንገሪው፣ ዓይኑን አይነቅልም። በጣት ግን አይነካኳት፤ በከንቱ መዝጋት ያደክማታል። የአማዞን የውሃ ሊሊም ካለች አትለፏት። ቅጠሏ እስከ 3 ሜትር ይሰፋል፤ አበባዋ በመጀመሪያው ምሽት ነጭ፣ በሁለተኛው ሮዝ ናት።

ለእናትሽ ቀድመሽ ደውለሽ ዊልቸር ያውሱ እንደሆነ ጠይቂ። ካርታው ላይ አግዳሚ ወንበሮችንና መጸዳጃ ቤቶችን ምልክት አድርጊ። እሳቸው ጥላ ያለበት ቦታ ይቀመጡ፣ እናንተ እየዞራችሁ ተመለሱ።

ትንሹን አደራ፣ ያገኘውን ፍሬ አፉ እንዳይከት፤ እንደ ጉሎ ፍሬ ያለ ብርቱ መርዝ ያለው አለ። የወደቀ ቅጠል ማንሳት የሚከለክሉ ቦታዎችም ስላሉ ወረቀትና እርሳስ ያዢላቸው፣ የወደዱትን ይሳሉት።