የከርሰ ምድር ካርታ ከመሳሉ በፊት ምን ይሰናዳ?

ጥያቄ፦ በአቃቂ ሜዳ ላይ ለውኃ ጉድጓድ ጥናት በተለያየ ጊዜ የተሠሩ የሴይስሚክ መስመሮች (ወደ መሬት የተላከ ሞገድ ከአለት ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ የተለካባቸው መስመሮች) መረጃ ደርሶናል። ከጥቁሩ አፈር (ከመረሬው) እና ከስኮሪያው፣ ማለትም ቀዳዳ ከበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በታች የሚገኘው የጥብቅ ባዛልት ገጽ የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚል የሚያሳይ ካርታ እንድናዘጋጅ ታዘናል። ባልደረቦቼ መረጃውን ኮምፒውተር ላይ ጭነን ኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኙ መስመሮች) ብናወጣ ይበቃል ይላሉ። አስቀድሞ መደረግ ያለበት ካለ ቢያብራሩልን።
ጂኦሎጂስት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ አለ፤ እንዲያውም ከካርታው ሥራ ከባዱ ክፍል ኮንቱር ከመውጣቱ በፊት ያለው ነው። ኮምፒውተሩ የሰጡትን ቁጥር ሁሉ አምኖ ስለሚስል፣ በዝግጅቱ ያልታረመ ስሕተት ካርታው ላይ ኮረብታ ወይም ሸለቆ መስሎ ይቀመጣል።

በመጀመሪያ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ያሉት ነጥቦች የቦታ አድራሻ (ኬክሮስና ኬንትሮስ) በየትኛው ዳተም፣ ማለትም በየትኛው የቦታ መለኪያ መነሻ፣ እንደተመዘገበ አረጋግጡ። የአገራችን የቀድሞ ካርታዎች አዲንዳን በተባለው ዳተም የተሠሩ ሲሆኑ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊው ጂ ኤስ 84 የተባለውን ነው። ሁለቱ ሳይለዩ ከተደባለቁ አንድ ቦታ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል፤ ይህም ጉድጓድ ለመቆፈር ለተነሣ ሰው ትንሽ ርቀት አይደለም።

ቀጥሎ የከፍታ መነሻውን ተመልከቱ። አንዱ መስመር ሲቀናበር 2,050 ሜትርን፣ ሌላው 2,100 ሜትርን መነሻ አድርጎ ከሆነ፣ ለማስተካከያው የ2,000 ሜትር በሰከንድ የሞገድ ፍጥነት ከተወሰደ፣ በሁለቱ መካከል በሞገዱ የደርሶ መልስ ጊዜ ላይ የ50 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ይፈጠራል። መስመሮቹ በሚተላለፉበት ነጥብ ላይ ያው አንድ ገጽ በሁለቱም ላይ እኩል ጊዜ ማሳየት ስላለበት፣ መተላለፊያዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ፈትሹ። የማይስማሙ ከሆነ ምክንያቱን ፈልጉ እንጂ አማካይ ወስዳችሁ አትለፉ።

በአቃቂ አካባቢ ከሁሉ ይበልጥ የምሠጋው ግን ለላይኛው ለስላሳ አፈር ነው። መረሬው በአንድ ቦታ ከጎረቤቱ በ10 ሜትር ቢወፍር፣ በውስጡ የሞገዱ ፍጥነት 500 ሜትር በሰከንድ ከሆነ፣ ሞገዱ ያንን ውፍረት ወርዶ ለመመለስ 40 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚያው ቦታ 2,000 ሜትር በሰከንድ የሚያስኬድ ስኮሪያ ቢኖር ግን የሚፈጀው 10 ብቻ ነበር። የ30 ሚሊ ሰከንዱ መዘግየት ሳይታረም በ2,000 ፍጥነት ወደ ጥልቀት ከተለወጠ፣ ባዛልቱ ፍጹም ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ ካርታው 30 ሜትር የሚጠልቅ ሸለቆ ያሳያል። ይህን ለማረም የመጀመሪያዎቹን ሞገዶች መድረሻ ጊዜ ለቅማችሁ የአፈሩን ውፍረትና ፍጥነት በየመስመሩ አስሉ።

ከዚህ በኋላ የፍጥነት ጉዳይ ይመጣል። የሴይስሚክ መረጃ የሚሰጠን ሞገዱ ደርሶ የተመለሰበትን ጊዜ እንጂ ጥልቀትን አይደለም፤ ጥልቀቱ የሚገኘው ጊዜውን በፍጥነት አባዝቶ ለሁለት በማካፈል ነው። 100 ሚሊ ሰከንድ በ2,000 ፍጥነት 100 ሜትር፣ በ2,500 ግን 125 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በአካባቢው የተቆፈሩትን ጉድጓዶች መዝገብ ሰብስቡ፤ ከተቻለም በአንዱ ጉድጓድ ውስጥ መቀበያ አውርዳችሁ ከላይ በሚደረግ ምት ሞገዱ እስከ ባዛልቱ ድረስ የፈጀውን ጊዜ ለኩ። ለመላው ሜዳ አንድ ፍጥነት መውሰድ ሥራን ያቀልላል፤ ስኮሪያና ባዛልት በሚፈራረቁበት አገር ግን ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

የአለት ስብራቶችንም ከኮንቱሩ በፊት ለዩ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ብዙዎቹ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጉ በመሆናቸው ይህን አቅጣጫ ተሻግረው የሚሄዱት መስመሮች የተሻለ ያሳዩአችኋል። ስብራቱ ሳይሠመር ኮንቱር ከወጣ ኮምፒውተሩ ቁልቁል የወረደውን ደረጃ እንደ ለስላሳ ተዳፋት ይስለዋል።

በመጨረሻ ከጉድጓዶቹ አንዱን ለፍጥነት ስሌቱ ሳትጠቀሙበት አስቀሩ። ካርታው ሲያልቅ በዚያ ቦታ የሚተነብየውን ጥልቀት ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ፤ የተገኘውንም ልዩነት ቁፋሮውን ለሚመሩት ሰዎች እንዲታይ ካርታው ላይ ጻፉት።