ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ስለ ፊዚካዊና ኬሚካዊ ለውጥ ከድሬዳዋና ከሐረር የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ ተማሪ)፦ መምህር፣ ደብተራችን ላይ «ፊዚካዊ ለውጥ ይመለሳል፣ ኬሚካዊ ለውጥ አይመለስም» ብለን ጽፈናል። ይሄ በቃ?

መልስ፦ አይበቃም፤ በሁለቱም በኩል ያሳስታል። ወፍጮ ቤት የገባ ማሽላ ተመልሶ ፍሬ አይሆንም፤ ዱቄቱ ግን ያው ማሽላ ነው፣ ስለዚህ ለውጡ ፊዚካዊ ነው። አሁን ደግሞ ኖራን እንይ። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲግል 100 ግራም ንጹሕ ድንጋይ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቅቆ 56 ግራም ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል። ይህ 18 ግራም ውሃ ሲጠጣ እየተንተከተከና እየጋለ 74 ግራም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። በውሃ ቀጥኖ የጀጎል ግድግዳ ላይ ሲቀባ ደግሞ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ እያለ እየወሰደ ተመልሶ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። መነሻው ጋ ደረሰ ማለት ነው፤ ሦስቱም እርምጃ ግን ኬሚካዊ ነው። እኔ ብሆን ያን ዓረፍተ ነገር ሰርዤ «መጨረሻ ላይ የቀረው ቁስ መጀመሪያ የነበረው ነው ወይስ ሌላ?» የሚል ጥያቄ እጽፍበታለሁ።

ጥያቄ (ከከዚራ፣ ቤት እያሠሩ ያሉ እናት)፦ ሠራተኞቹ «ሲሚንቶው በፀሐዩ ቶሎ ደርቆልናል» ይሉኛል። ልጄ ደግሞ መድረቅ አይደለም ይለኛል። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ነው፣ እናቴ። የሚደርቀው ጭቃ ነው፤ ውሃው ተኖ ይጠነክራል፣ ውሃ ቢያፈሱበት ተመልሶ ይላቁጣል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃው ጋር ተዋሕዶ አዲስ ቁስ ስለሚሠራ ነው፤ ለዚህም ነው ውሃ ውስጥ ተነክሮም የሚጠነክረው። የድሬዳዋ ፀሐይ ውሃውን ቀድሞ ካተነነው ውሕደቱ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ኮንክሪቱ ይሰነጠቃል፣ ላዩም በእጅ ሲታሽ ዱቄት ይሆናል። ቢያንስ 7 ቀን ርጥበቱ እንዳይለየው ያድርጉ፦ ጠዋትና ማታ ውሃ ያስጠጡት፣ በመሃል በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑት። «ደርቋል፣ ውሃ አያስፈልገውም» ካሉዎት አይስማሙ።

ጥያቄ (ከሐረር፣ የ7ኛ ክፍል መምህርት)፦ ቤተ ሙከራ የለንም። በክፍል ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን በግልጽ የሚያሳይ ርካሽ ሙከራ አለ?

መልስ፦ አለ፣ የኖራ ውሃ። ውሃ ቀድሞ የጠጣውን የኖራ ዱቄት ይግዙ፤ ውሃ ሲነካው የሚግለውን ጓል ልጆች አጠገብ አያድርሱት፣ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። 1 የሻይ ማንኪያ ዱቄት በግማሽ ሊትር ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው ከድነው ይበጥብጡና ያሳድሩት። አብዛኛው አይሟሟም፣ ታች ይዘቅጣል። ጠዋት ላይ ከላይ ያለውን ጥርት ያለ ውሃ ሳይነቀንቁ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ይቅዱና በስትሮ ይንፉበት። ትንፋሽ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኖራው ጋር ተዋሕዶ ውሃው ወተት ይመስላል። ልጆቹ እንዲነፉ እንጂ ውሃውን ወደ አፋቸው እንዳይስቡ አጥብቀው ይንገሯቸው፤ የተሻለው እርስዎ ራስዎ ቢነፉ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ውሃው ገና ሲቀዳ ደፍርሶ ከነበረ አልጠለለም ማለት ነው፣ በጥጥ ያጥልሉት። ተነፍቶም ካልነጣ ሳይከደን ሰንብቷል፤ ከአየሩ ጋር ተዋሕዶ አልቋል፣ አናቱ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ያዩበታል። ነጥቶም መንፋቱ ከቀጠለ ደግሞ እንደገና ይጠራል። ሙከራው አልተበላሸም፤ ነጩ ካርቦኔት ወደሚሟሟው ባይካርቦኔት ተለውጦ ነው። የጠራውን ውሃ ቢያፈሉት ነጩ ተመልሶ ይመጣል።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ እና ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ይሄው ነው? እኔ ጨው ይመስለኝ ነበር።

መልስ፦ ይሄው ነው። የገበታ ጨው ቢሆን በውሃ ታጥቦ በሄደ ነበር። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ የከርሰ ምድር ውሃ ባይካርቦኔት ይዞ ይመጣል፤ ሲፈላ ካርቦኔቱ ይጋገራል። እንግዲህ አንድ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ሁለቱም ለውጥ አለ፦ ውሃው እንፋሎት መሆኑ ፊዚካዊ፣ ቅርፊቱ መፈጠሩ ኬሚካዊ። ለማስለቀቅ አቼቶና ውሃ እኩል አድርጋችሁ ሞቅ አድርጉና ግማሽ ሰዓት ተዉት፤ የሚፈላው አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከዚያ በደንብ አለቅልቁት።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ተማሪ)፦ አረፋ ካየሁ ኬሚካዊ ነው ልበል?

መልስ፦ አትበል። የአምቦ ውሃ ስትከፍት የሚወጣው አረፋ ቀድሞም ውስጡ ታምቆ የነበረ ጋዝ ነው። የሚፈላ ውሃ አረፋም እንፋሎት ብቻ ነው። ጋዙ ከየት መጣ ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ቡና ሲቆላስ?

መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ለውጡ አንድ አይደለም። በደንብ የደረቀ ጥሬ ቡና እንኳ 11 በመቶ ገደማ ውሃ አለው። ምጣድ ላይ መጀመሪያ የሚሆነው የዚያ ውሃ መትነን ነው፣ ፊዚካዊ። ፍሬው ከ150 ዲግሪ ሲያልፍ ስኳሩና የፕሮቲን ክፍሎቹ ይዋሐዳሉ፤ ቡናማው ቀለምና ሽታው የሚመጡት ያኔ ነው፤ ጥሬው ላይ ያልነበሩ ቁሶች ናቸው። ወደ 200 ሲጠጋ የሚንጣጣው ውስጡ የታመቀው እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፍሬውን ሲሰነጥቀው ነው። ጋዙ ከፊሉ የተፈጠረው በኬሚካዊ ለውጥ ነው፣ ስንጥቁ ራሱ ግን ፊዚካዊ። ሙቀጫውም እንደ ወፍጮው ነው። ጀበና ውስጥ ዋናው ሥራ መሟሟት ነው። ፈተና ላይ «ቡና መቁላት» ብቻ ከመጣ ኬሚካዊ በሉ።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ አቦ፣ ቀትር ላይ ጣሪያችን ጧ ጧ ይላል። ቆርቆሮው እየተበላሸ ነው?

መልስ፦ እየተለጠጠ ነው። 3 ሜትር የብረት ቆርቆሮ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሚስማሩ ሲይዘው ታግሎ ይጮኻል። ማታ ይሰበሰባል፣ ብረቱም ያው ብረት ነው። የሚያሳስበው ሚስማሩ ዙሪያ ቡናማ ቀለም ካየህ ነው፤ የዚንኩ ልባስ ተልጦ ብረቱ ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር መዋሐድ ጀምሯል ማለት ነው። ያንን በብረት ቡርሽ አራግፈህ ፀረ ዝገት ቀለም ቀባው፤ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት።