ትንፋሽን እየተከታተሉ «አሁንን መኖር» ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በስልኬ በጫንኩት መተግበሪያ በየጠዋቱ ለ10 ደቂቃ ትንፋሼን እየተከታተልኩ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። «ትናንት አልፏል፣ ነገ አልመጣም፣ አሁንን ኑር» የሚለው የቡድሃ ትምህርት ከጭንቀት አሳርፎኛል። ለጸሎት ስቆም ግን ሐሳቤ ይበተናል። ኃጢአት እየሠራሁ ነው? በእኛስ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም ወይ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኅቴ። ትንፋሽን መከታተል ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ ሐኪምም ለጭንቀት ይመክረዋል። መመርመር ያለብሽ ልብሽን ከሰበሰብሽ በኋላ ማን ፊት እንደምታቆሚው ነው።

በቡድሃ ትምህርት ይህ ልምምድ «ሳቲ» (ነቅቶ ማስተዋል) ይባላል፤ ቡድሃ ከሥቃይ መውጫ ብሎ ካስተማረው መንገድ ስምንት ክፍሎች ሰባተኛው ነው። ትንፋሽን የመከታተሉ ሥርዓት አራት አራት እየሆነ የተከፈለ 16 ደረጃ አለው። ትንፋሹ ረጅም ወይም አጭር መሆኑን ከማወቅ ይጀምርና ሁሉ ኃላፊ መሆኑን አይቶ እስከ መልቀቅ ይደርሳል። ፍጻሜው «እኔ» የሚባል ጸንቶ የሚኖር ነገር እንደሌለ ማየት ነው እንጂ ጭንቀትን ማብረድ ብቻ አይደለም። በዚያ መንገድ ላይ «አባታችን ሆይ» ተብሎ የሚጠራ ፈጣሪ የለም። በየስልኩ የሚሰጠው የ10 ደቂቃ ልምምድ ግን አብዛኛው ከዚያ ተቀንሶ የመጣ ነው፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ጆን ካባት ዚን በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ለሕሙማን የጀመረው የ8 ሳምንት ሥልጠና ነው ያስፋፋው።

«አሁንን ኑር» የሚለው ጥቅስ በየገጹ ሲዞር «ያለፈውን እርሺው» የሚል ይመስላል። የቡድሃ መነኮሳት እንኳ በየሁለት ሳምንቱ ደንባቸውን ለማንበብ ሲሰበሰቡ አስቀድመው ጥፋታቸውን ይናገራሉ። አንቺም ትናንት ያስቀየምሽውን ሰው በትንፋሽ ቆጠራ ልታልፊው ከሆነ፣ ዕረፍት የመሰለሽ ነገር ከንስሐ መሸሽ ሆኗል።

መተግበሪያው «በቡድሃ፣ በትምህርቱና በማኅበሩ እጠጋለሁ» ካስባለሽ ግን እዚያው አቁሚ። ይህ የእምነት ቃላቸው ነው፣ ለእኛ ጸሎተ ሃይማኖት እንደሆነው ማለት ነው። ትርጉሙን የማታውቂውን ቃልም አትደጋግሚ።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ፣ ጌታ «ለነገ አትጨነቁ» ያለው (ማቴ. 6፥34) የሚያስፈልገንን የሰማዩ አባታችን እንደሚያውቅ ከነገረን በኋላ ነው። ነገን የሚይዝልን ስላለ ዛሬ እናርፋለን። በቅዳሴም ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ብሎ የተቀመጠውን ያስነሣል፤ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ብሎ ወደ ምሥራቅ ያዞራል፤ «ንነጽር» ብሎ ዓይነ ልቡናን ይሰበስባል። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» (ልባችሁን ከፍ አድርጉ) ሲል ልባችን በእግዚአብሔር ዘንድ እንደሆነ እንመልሳለን። ይህን እየመለስን ምሳ የምናስብ ስንት ነን!

የሐሳቡን መበተን በተመለከተ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪ። ወደ ምሥራቅ ዞረሽ ቁሚ፣ አማትቢ፣ «አቡነ ዘበሰማያት»ን በዝግታ ድገሚ። ከዚያ 12 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መቁጠሪያው ላይ ነው፤ ጣት ሠላሳኛው ላይ ደርሷል፣ ልብ ገና ገበያ ነው። ቃሉ ከአፍሽ ሳያልቅ ፍሬውን አታሳልፊ። ሐሳብ ሲመጣ አትከራከሪው፣ «ለምን መጣ» ብለሽም አትመርምሪው፤ ካቆምሽበት ቃል ቀጥዪ። «ተበላሸ» ብሎ ከአንድ መጀመር ጸሎቱን የቆጠራ ጭንቀት ያደርገዋል፤ በሦስተኛው ቀን ትተዪዋለሽ።

ቀን ሥራ ላይ ስትሆኚ ደግሞ 3፣ 6 እና 9 ሰዓትን ያዢ። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከወንጌሉ ጋር አንድ ስለሆነ ማስታወሱ ቀላል ነው፦ በ3 መንፈስ ቅዱስ ወረደ፣ በ6 ጌታ ተሰቅሎ ጨለማ ሆነ፣ በ9 ነፍሱን ሰጠ። ወንበርሽ ላይ እንዳለሽ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ሦስቱን ያዝሽ ማለት ነው።

ጭንቀቱ እንቅልፍ ከነሳሽ ሐኪምም አማክሪ፤ ጸበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን ከ12 ወደ 41 ጊዜ የምታሳድጊው ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋግረሽ ይሁን። ስግደት ለመጨመር ብታስቢም እርሳቸውን ጠይቂ፤ በእሑድና በበዓለ ሃምሳ የንስሐ ስግደት የለም።