እንጀራውን ሲቀንሱ ክኒኑስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። መምህርት ነኝ፣ ዕድሜዬ 46። ክብደቴ 84 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። ዓይነት 2 ስኳር እንዳለብኝ ከታወቀ 2 ዓመት ሆነኝ። ሜትፎርሚን 500 ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊ ግራም ጠዋት ጠዋት እወስዳለሁ። በባዶ ሆድ ስለካ ከ160 እስከ 180 ነበር። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ እንጀራና ዳቦ ብተው፣ ክብደትም ብቀንስ ስኳሩ እንደሚጠፋ ነገረኝ። እንጀራ ከተውኩ 9 ቀኔ ነው። ባለፈው ረቡዕ እያስተማርኩ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ራሴ ማንበብ አቃተኝ። ተማሪዎቼ ጣፋጭ ሻይ አምጥተው ሲያጠጡኝ ተሻለኝ። ስኳሬ ጠፍቶ ይሆን? ክኒኑን ልተወው? ዐቢይ ጾምም እየመጣ ነው፣ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ረቡዑ እንነጋገር። ሌላው ይደርሳል።

የሆነብዎት የስኳር ማነስ ነው። ስኳርዎ አልጠፋም፣ ከልክ በታች ወርዶ ነው። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን፣ ማለትም የደም ስኳርን የሚያወርደውን ንጥረ ነገር፣ እንዲያወጣ የሚያስገድድ ክኒን ነው። በሉ አልበሉ አይጠይቅም። ድሮ ጠዋት ፍርፍር በልተው ሲውጡት የሚሠራበት ስኳር ያገኝ ነበር። አሁን እንጀራው ቀረ፣ ክኒኑ ግን እንደ ድሮው ነው። ስለዚህ ያለችውን ስኳር ጠርጎ አወረዳት። ተማሪዎችዎ በሻይ ደረሱልዎት፣ እግዜር ይስጣቸው። ብቻዎን መንገድ ላይ ቢሆኑ ወይም ሌሊት ተኝተው ቢሆን ኖሮ ራስን እስከመሳት ሊደርስ ይችል ነበር።

ሜትፎርሚን ጠባዩ ሌላ ነው። ለብቻው ሲወሰድ ስኳርን እንዲህ አያወርድም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ክኒኑን ልተወው?» ሲሉ የትኛውን ማለትዎ እንደሆነ መለየት አለብን። እኔ ጋ ቢከታተሉ ኖሮ ግሊቤንክላማይዱን እቀንሰው ወይም አቆመው ነበር፣ ሜትፎርሚኑን ግን አልነካውም። ይህን የሚወስነው ግን እርስዎን እየመረመረ የሚከታተልዎ ሐኪም ነው። ሳይውሉ ሳያድሩ የሁለቱንም ክኒን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱና እንጀራ መተውዎን ይንገሩት። ብዙ ሰው ምግቡን ቀይሮ ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ዝም ይላል። ሐኪሙም ሳያውቅ ያንኑ ክኒን ይደግማል። እስኪሄዱ ድረስ በየምግብ ሰዓቱ ግማሽ እንጀራ ይመልሱ፣ ቁርስም አይዝለሉ።

ምልክቱ ዳግመኛ ከመጣ ቢችሉ ይለኩት። ከ70 በታች ከሆነ፣ መለኪያም ከሌለ ሳይጠብቁ፣ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ። ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳም ይሆናል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፣ ካልወጣ ይድገሙት። ሲሻልዎት ደግሞ ምግብ ይብሉ። ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ወደ ሐኪም ቤት ይሮጣል። ይህን ለቤተሰብዎም ለተማሪዎችዎም ይንገሩ።

አሁን ወደ ወንድምዎ ምክር። የተናገረው ነገር እውነት አለው። ክኒኑን ግን ረሳው።

ዓይነት 2 ስኳር ብዙ ሰው ላይ የሚነሳው ጉበት ላይ ስብ ሲጠራቀም ነው። ጉበቱ ስብ ሲይዝ ኢንሱሊንን አይሰማም፣ ሌሊቱን ሙሉ ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ጠዋት በባዶ ሆድ 170 የሚያዩት ለዚህ ነው። ማታ ምንም አልበላሁም ይላሉ፤ ልክ ነዎት፣ ስኳሩን የሠራው ጉበትዎ ነው። የተረፈው ስብ ቆሽት ላይም ያርፍና ኢንሱሊን ማውጣቱን ያዳክመዋል። ክብደት ሲቀንስ ከእነዚህ ከሁለቱ ላይ ያለው ስብ አብሮ ይቀንሳል።

ስኮትላንድና ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ዳይሬክት የሚባል ጥናት ተሠርቶ ነበር። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። 306 ሰዎች ተሳተፉ። ግማሾቹ በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ብቻ የሚሰጥ ተበጥብጦ የሚጠጣ ምግብ ከ3 እስከ 5 ወር ወሰዱ፣ የስኳር ክኒናቸውም ገና ሲጀምሩ ቆመ። ከዓመት በኋላ ከእነዚህ ውስጥ 46 በመቶው ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መጠን በታች ሆኖ ተገኘ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ የቀነሱትን ብቻ ካየን 86 በመቶ ነበሩ። በ2ኛው ዓመት 46ቱ ወደ 36 ወረደ፤ ክብደቱ ሲመለስ ስኳሩም ይመለሳልና። ስለዚህ «ድኛለሁ» ከማለት «ስኳሬ አርፏል» ማለት ይሻላል። የተሳተፉት ስኳሩ ከታወቀባቸው 6 ዓመት ያልሞላቸው፣ ኢንሱሊን ያልጀመሩ ሰዎች ናቸው። እርስዎ ገና 2 ዓመትዎ ነው። ተስፋዎ ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እነዚያ ሰዎች የጠጡት ነገር ግን ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም እንደ እንጀራና ዳቦ ሲፈጭ ስኳር የሚሆን ነገር፣ ነበረው። የሠራው የክብደቱ መቀነስ ነው። ካርቦሃይድሬት መቀነስ ሁለት ጥቅም አለው፦ ከምግብ በኋላ የሚዘለውን ስኳር ያለዝባል፣ ብዙ ሰውም ሳይራብ ክብደት እንዲቀንስ ይረዳዋል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ምክሩ ለደም ስኳር ከተሞከሩት አመጋገቦች ካርቦሃይድሬት መቀነስ ብዙ ማስረጃ እንዳለው ጽፏል። ከ6 ወር በላይ ግን ብዙ ሰው አይዘልቅበትም፤ ልዩነቱም እየጠበበ ይሄዳል። ጎንደር ተቀምጦ እንጀራን ጨርሶ መተው ደግሞ ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ ለማኅበርም አይመችም። ስለዚህ ይተዉት አልልዎትም። ይቀንሱት።

100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 70 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው። ጥቁር ይሁን ነጭ እዚህ ላይ ለውጡ ትንሽ ነው። «ለስኳር ሰው ዳጉሳ ነው» የሚለውም ያው ነው፤ መጠኑ ካልቀነሰ ስኳሩ ይወጣል። ችግሩ መሶብ ላይ ሲበላ ማንም ምን ያህል እንደበላ አለማወቁ ነው። ጉርሻም አይቆጠርም። ስለዚህ ለራስዎ ሰሐን ይውሰዱ። ሐኪምዎ ክኒኑን ካስተካከለልዎ በኋላ አንዱን እንጀራ ከአራት ይቁረጡትና አንዷን ሩብ ብቻ ያስቀምጡ። ከሰሐኑ ግማሹን በጎመን፣ በቆስጣ፣ በፎሶሊያ ወይም በሰላጣ ይሙሉት። የቀረው እንቁላል፣ ዶሮ፣ አይብ፣ የጣና ዓሣ ወይም ምስር ይሁን። መጀመሪያ አትክልቱንና ወጡን ይብሉ፣ እንጀራዋን መጨረሻ ላይ። ከ2 ሰዓት በኋላ ይለኩ። አንድ ቀን ደግሞ እንደ ድሮው በልተው ይለኩና ሁለቱን ቁጥር ደብተር ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ። ከእኔ ምክር ይልቅ ያ ደብተር ያሳምንዎታል።

ቡናውን አይርሱ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ከሆነ 6 ማንኪያ ነው፣ ወደ 24 ግራም። በዚያ ላይ ቆሎና ፈንዲሻው አለ። ቡናውን ይጠጡ፣ ስኳሩ ይቅር። ጭማቂም እንደ ለስላሳ ይቆጠር። ብርቱካኑን ልጠው ይብሉት።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፣ ሌሎችም ስለሚያነቡት። በጎንደር ዙሪያ ገጠር የምናየው የስኳር ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ምግብ ያጠረው፣ ኢንሱሊን ካልወሰደ የማይሆንለት ወጣት ገበሬ አለ። ከጎንደር የወጡ ጥናቶች ይህን ለዓለም ካሳዩት ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ይህን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር ዓይነት 5 ብሎ ተቀብሎታል። ለዚህ ሰው «እንጀራ ተው፣ ክብደት ቀንስ» ማለት ጉዳት ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር፣ ኩላሊቱ የታመመ፣ ሳይፈልግ ክብደቱ እየቀነሰ ያለ ሰው የእርስዎን መንገድ በራሱ አይሞክር። የሚወስዱት ክኒን ስሙ በግሊፍሎዚን የሚያልቅ ከሆነም እንዲሁ፤ ከካርቦሃይድሬት መቀነስ ጋር ሲገናኝ ደምን አሲድ ሊያደርግ ይችላል።

ወደ ጾሙ ልምጣ። ብዙ ሰው በጾም ክብደት እቀንሳለሁ ይላል፣ ግን ሥጋና እንቁላሉ ሲቀር እንጀራው ይበዛል። 55 ቀን በሙሉ ሽሮ በሁለት እንጀራ ከሆነ ስኳሩ ይወጣል። ሽሮና ምስር ራሳቸው ካርቦሃይድሬት አላቸው፤ ነገር ግን አሰርና ፕሮቲን ስላላቸው ቀስ ብለው ነው የሚፈጩት። ወጡን ያብዙ፣ እንጀራውን ያሳንሱ። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ተልባ፣ አቮካዶ፣ ጎመን በደንብ ይብሉ። እስከ 9 ሰዓት መቆየቱ ግን ከግሊቤንክላማይድ ጋር አይሄድም። ጠዋት ውጠው በባዶ ሆድ ማስተማር የረቡዑን ቀን መድገም ነው። ክኒኑ ካልተስተካከለ ሰዓት አይጹሙ። ለንስሐ አባትዎ ሕመምዎን ይንገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ መንገድ አላት። ሜትፎርሚኑን ከምግብ ጋር ይውሰዱት።

ግብዎን ትንሽ አድርገው ይጀምሩ። ከ84 ኪሎ 5 ኪሎ ሲቀንስ የስኳር ቁጥሩ መለወጥ ይጀምራል። 69 ኪሎ ላይ ሲደርሱ ዳይሬክት ያለው 15 ኪሎ ሞላ ማለት ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ባጃጁን ትተው 30 ደቂቃ በእግር ይሂዱ። አዘዞ ሜዳ ነው፣ ለጉልበት ይመቻል። ከመጀመርዎ በፊት ዓይንዎን ይታዩ፣ ኩላሊትዎንም ይመርመሩ። የደም ግፊት ክኒን ካለዎትም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ክብደት ሲወርድ ግፊቱም ይወርዳልና ሲነሱ ሊያዞርዎት ይችላል።

በመጨረሻ የ3 ወር ስኳር የሚባለውን ምርመራ አሁን ያሠሩ፣ ከ3 ወር በኋላም ይድገሙት። ያለ ስኳር ክኒን ቢያንስ 3 ወር ቆይቶ ከ6.5 በታች ከሆነ ስኳርዎ አርፏል ይባላል። ሁለቱን ቁጥር ይላኩልኝ፤ ያኔ ስለ ሜትፎርሚኑም እንነጋገራለን።