ከእንስሳቱ ጀርባ ያለውን ሰማይ ማን ሣለው?

አንዲት የሥዕል ተማሪ እንዲህ ብላ ጽፋልናለች፦ «አራት ኪሎ ያለውን የእንስሳት ሙዚየም ካየሁ ወዲህ ልቤ እዚያ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ቦታ ለመሥራት ባዮሎጂ መማር ነበረብኝ? እናቴ ደግሞ ሥዕል እንጀራ አይሆንም ትለኛለች።»

እህቴ፣ ባዮሎጂው አያስጨንቅሽ። ኒውዮርክ ባለው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ ከመስታወቱ ኋላ ከቆሙት እንስሳት ጀርባ የሚታየው ሜዳና ሰማይ ሥዕል ነው። ግድግዳው እንደ ጎጆ ቤት የዞረ ስለሆነ ዝም ብለሽ ብትሥይበት አድማሱ ይጎብጣል። ከእነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹን የሣለው ጄምስ ፔሪ ዊልሰን የቦታውን ፎቶም ግድግዳውንም በካሬ በካሬ ከፋፍሎ፣ ጎብኚው ከሚቆምበት ቦታ ተነስቶ እያሰላ ይሥል ነበር። ሰውዬው የተማረው ምን መሰለሽ? አርክቴክቸር!

እንስሳቱም ቢሆኑ የቀራፂ ሥራ ናቸው። ድሮ ቆዳው ውስጥ ጭድ ይጠቀጠቅ ነበር፤ ያው ፍራሽ መምሰሉ አይቀርም። ለዚሁ ሙዚየም የሠራው ካርል ኤክሊ ግን መጀመሪያ ጡንቻውን በሸክላ ጭቃ ቀረጸ፣ ከዚያ በጀሶ ቅርጹን አወጣ፣ በዚያ ቅርጽ ውስጡ ባዶ የሆነ ቀላል ገላ ሠርቶ ቆዳውን አለበሰው። በዚያው ሙዚየም በስሙ የሚጠራውና እ.ኤ.አ. በ1936 የተከፈተው የአፍሪካ አጥቢዎች አዳራሽ 28 ትዕይንቶች አሉት። (እንስሳቱ ለዚህ ሲባል መገደላቸው እኔን ሁሌም ይከነክነኛል።)

የቺካጎው ፊልድ ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ1926 ወደ አገራችን በላከው ቡድን ውስጥ ሉዊስ አጋሲዝ ፉየርቴስ የሚባል የወፍ ሰዓሊ ነበር። ወፍ ከሞተ የዐይኑና የእግሩ ቀለም ቶሎ ይለወጣል፤ ያኔ ቶሎ የሚሥል እጅ ያስፈልጋል።

ክፍት የሥራ ቦታ ሞልቷል ብዬ አልሸውድሽም። በውጭም ቢሆን የደበዘዘውን ማደስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የኒውዮርኩ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2012 የሰሜን አሜሪካ አጥቢዎችን አዳራሽ አድሶ ሲከፍት፣ ብርሃን ያነጣው ፀጉር እንደገና ቀለም ተቀብቶ ነበር። ስለዚህ ከሥዕሉ ጎን የጀሶና የሰም ሥራ ልመጂ። ይህ እጅ ለፊልምና ለማስታወቂያ ዝግጅትም ስለሚሆን የእናትሽን ጥያቄ በከፊል ይመልሳል።

አሁኑኑ ደብተርሽን ይዘሽ አራት ኪሎ ተመለሺ፤ አንዱን እንስሳ ብቻ መርጠሽ ደጋግመሽ ሣዪው። በእጅሽ ግን አትንኪ፤ የድሮ ቆዳዎች አርሴኒክ የሚባል መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። ቤት ስትገቢ አንድ የቡና ቅጠል በጀሶ ላይ አትመሽ ሰም አፍሺበትና ቀለም ቀቢው። ከዚያ ከእውነተኛው ጎን አስቀምጪና የትኛው የዛፍ እንደሆነ እናትሽን ጠይቂያት። ከተሳሳተች ሁለቱን ቅጠሎች ፎቶ አንሺና የሥራ ማሳያሽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ለጥፊው።