ለደብረ ብርሃኑ ወርክሾፕ፦ ኤሲም ሄተርም ከመግዛትህ በፊት ጣሪያውን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ግቢህ ውስጥ 10 በ15 ሜትር የሆነ የእንጨት ሥራ ቤት አለህ። ግድግዳው 4 ሜትር ከፍታ ያለው ባለ 15 ብሎኬት ነው፤ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ኢጋ ቆርቆሮ። ከቀኑ 5 ሰዓት በኋላ ውስጡ አያስቆምም። ጠዋት ደግሞ እጅ ያደነዝዛል፣ ኮላው አይይዝም፣ ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበው ውሃ የመጋዙን ጠረጴዛ እያዛገው ነው። የጠየቅኸው "ስንት ቢቲዩ ኤሲ፣ ስንት ኪሎ ዋት ሄተር ልግዛ?" ብለህ ነው። ለጊዜው አንዱንም አትግዛ። ሙቀቱም፣ ብርዱም፣ ጠብታውም የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ከቆርቆሮው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ቢቀዘቅዝም ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ በካሬ ሜትር ወደ 1,000 ዋት ታወርዳለች። ኮልሞው (የጣሪያው አናት) ከግድግዳው በላይ 1.5 ሜትር ከፍ ያለ ነው ብንል የጣሪያህ ስፋት 157 ካሬ ሜትር ይመጣል። ድምቀቱን ያጣ ቆርቆሮ ካረፈበት ፀሐይ 70 በመቶ ያህሉን ይውጣል፤ ውጪው 20 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ቆርቆሮው ወደ 50 ይጠጋል። ወደ ውስጥ የሚለቀው ሲደመር 15 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው። ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ የሚያወጣው 3.5 ኪሎ ዋት ስለሆነ፣ የጣሪያውን ብቻ ለመመለስ ከአራት በላይ ኤሲ ሊያስፈልግህ ነው። ያውም በር ስትከፍት 20 ዲግሪ አየር በነጻ በሚገባበት ከተማ!

ጠዋት ነገሩ ይገለበጣል። ውጪው 3 ዲግሪ ሲሆን ውስጡን 16 ላይ ለማቆየት ባዶው ቆርቆሮ፣ ብሎኬቱና በየቀዳዳው የሚሾልከው አየር ተደምረው ወደ 25 ኪሎ ዋት ይበላሉ። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚወጣው በጣሪያው ነው። ከቆርቆሮው ሥር 5 ሳንቲሜትር ኢፒኤስ ፎም (ነጩን የዕቃ ማሸጊያ ዓይነት ፎም) ብታስገባና ቀዳዳውን ብትደፍን የእኩለ ቀኑ 15 ኪሎ ዋት ወደ 3፣ የጠዋቱ 25 ደግሞ ወደ 9 ወይም 10 ይወርዳል። አንድ ሥራ ሁለቱንም ወቅት ይፈውሳል፤ የትኛውም ማሽን ይህን አያደርግልህም።

አሁን ወደ ሥራው። ለ157 ካሬ ሜትር፣ ብክነቱን ጨምረህ፣ 170 ካሬ ሜትር ባለ 5 ሳንቲ ፎም ግዛ። ክብደቱ በሜትር ኩብ ከ15 ኪሎ ያላነሰ ይሁን፤ በእጅህ ስትጫነው እንደ ዳቦ የሚሰረጉደውን አትውሰድ። ሰሌዳውን ከቆርቆሮው ጋር አታጣብቀው፤ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ክፍተት ተውና በፐርሊኖቹ (ቆርቆሮው በሚመታባቸው አግዳሚዎች) መሃል ወይም ከሥራቸው እሰረው። በዚያ ክፍተት አየር ከግድግዳው ራስ ገብቶ በኮልሞው ሥር እንዲወጣ አድርግ። መጋጠሚያዎቹን በሚረጭ ፎም ሙላ። ከዚያ በታች ባለ 200 ማይክሮን ፕላስቲክ 20 ሳንቲ እየደራረብክ ዘርጋ፣ መደራረቢያውን በቴፕ አሽግ፣ ዳሩንም ከግድግዳው ጋር አጣብቅ። ወደ 190 ካሬ ሜትር ፕላስቲክ ይፈጃል።

ፕላስቲኩን "ለምኑ ነው?" ብለው የሚዘሉት ብዙ ናቸው፤ ጠብታውን የሚያቆመው ግን እሱ ነው። በጠራ ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል። ከእንጨቱ፣ ከሰውና ከሲሚንቶው ወለል የሚነሳው እርጥበት ሲነካው ውሃ ይሆናል። ፕላስቲኩ እርጥበቱን ሞቃቱ ወገን ላይ ያስቀረዋል። ከፎሙ በላይ፣ በቆርቆሮው በኩል ካደረግከው ግን ውሃው እዚያው ተሰብስቦ በየመጋጠሚያው ይወርድልሃል፤ ቦታው ከፎሙ በታች ብቻ ነው።

ሌላው በብዛት የሚሳሳቱበት የግድግዳው ራስ ነው። ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ ሲያርፍ በሞገዱ ሥር የሚቀሩት ቀዳዳዎች በሁለቱም ጎን፣ በ30 ሜትር ላይ ሲደመሩ፣ ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ክፍት መስኮት ማለት ናቸው። እነሱን በሲሚንቶ ከደፈንክ ከላይ ያልኩህን የአየር ክፍተት ትገድለዋለህ። ክፍት ተዋቸው፤ ለወፍና ለአይጥ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት ምታባቸው። የምትደፍነው ፎሙ ግድግዳውን በሚነካበት መስመር ነው። አይጥ ፎም ውስጥ ጎጆ መሥራት ትወዳለችና ወንፊቱን አትናቅ።

ፎሙን እንደተጋለጠ መተው አይቻልም። ይቀጣጠላል፣ ቀልጦ እየነደደ ይንጠባጠባል፣ ጢሱ ይመርዛል፤ የመጋዝ ብናኝ ያለበት ቤት ደግሞ ነው። ከሥሩ ጂፕሰም ቦርድ ወይም ቀጭን ላሜራ ይልበስ። ባለ 12 ሚሊሜትር ጂፕሰም ለእሳት ይሻላል፤ ነገር ግን በካሬ ሜትር 9 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ጣሪያህ ላይ ወደ 1.4 ቶን ትጨምራለህ። ለቆርቆሮ ብቻ የተሠራ ትረስ (ጣሪያውን የሚሸከመው አጽም) ይህን ላይሸከም ይችላልና መጀመሪያ ለባለሙያ አሳየው። ባለ 0.3 ሚሊሜትር ላሜራ ከ400 ኪሎ ብዙም አያልፍም። የብየዳ ሥራ ካለ ሁሉም ፎም ከመግባቱ በፊት ይለቅ፤ ፎም ከገባ በኋላ "አንዲት ነጥብ ብቻ ልበይድ" የሚል ሠራተኛ ካለ በብየዳው ፈንታ ቪቴ (ብሎን) ስጠው። በዚያው ቤት ብረትም የምትቆርጥ ከሆነ ፎሙን ተወውና ሮክ ውል (ከድንጋይ የሚሠራ የማይነድ ሱፍ) አድርግ።

የሚያብረቀርቀውን የአሉሚኒየም ፎይል አድርግ ብሎ የጻፈልህም አለ። ፎይል የሚሠራው ፊት ለፊቱ ከ2 ሳንቲሜትር ያላነሰ ባዶ አየር ሲኖር ነው። ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ ከተሠራ ያወጣህበት ከንቱ ነው። የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ታች ይዙር፤ ወደ ላይ ካየ በጥቂት ጊዜ አቧራ ለብሶ ይሞታል። ለብርዱ ደግሞ ፎይል ብቻውን አይበቃህም።

ጣሪያው ላይ ፋይበር (ብርሃን የሚያሳልፍ ሉህ) የለበስክበት ቦታ ካለ ቁጠረው። ለብርሃን ተብሎ ጣሪያ ላይ የሚገባ 2 ካሬ ሜትር ፋይበር እኩለ ቀን ላይ ከ1 ኪሎ ዋት በላይ ሙቀት ያስገባል። አራት ፋይበር ካለህ ጣሪያውን ሸፍነህ ካዳንከው ከሲሶ በላይ መልሰህ ታስገባለህ። ብርሃኑን በደቡቡ ግድግዳ የላይኛው ክፍል በመስታወት ተካው። በብርዱ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ዘመም ስለምትል በዚያ በኩል ትገባልሃለች፤ በሚያዝያና በነሐሴ ግን አናትህ ላይ ስለምትሆን ደቡቡን ግድግዳ እምብዛም አትነካውም።

የቀኑ ሙቀት ከዚህ በኋላ የአየር ማስወጣት ጉዳይ ብቻ ነው። ከጣሪያው 3፣ ከማሽኖቹና ከሰዎቹ 2 ኪሎ ዋት ብለን 5 ኪሎ ዋት እናስወጣ። ውስጡ ከውጪው በ4 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ በሰዓት 5,200 ሜትር ኩብ አየር መቀየር አለበት። ይህን ቁጥር ከውጭ አገር ካልኩሌተር ካወጣኸው 3,700 ይልሃል፤ እሱ ግን ለባሕር ወለል ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሜትር ኩቡ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል፤ ቬንትሌተር ስትመርጥ 40 በመቶ ጨምር። አዳማ ላለ ሰው 20 በመቶ ይበቃዋል።

መብራት ሳይነካው የሚሠራው መንገድ ይህ ነው፦ ከወለሉ አጠገብ በሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች ተከፋፍሎ 3.5 ካሬ ሜትር መግቢያ፣ በሁለቱ ጫፍ ግድግዳዎች አናት ላይ ደግሞ ያንኑ ያህል መውጫ። በመካከላቸው 4 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት ካለ ሞቃቱ አየር ራሱ ይወጣል። ከላይ ያን ያህል መክፈት ካልቻልክ በአንዱ ጫፍ በሰዓት ከ5,000 እስከ 6,000 ሜትር ኩብ የሚስብ ቬንትሌተር አድርግ፤ ሞተሩ አቧራ የማያስገባ ዝግ ዓይነት፣ ጀርባውም ሲጠፋ ራሱ የሚዘጋ ክዳን ያለው ይሁን። መግቢያው ጠባብ ከሆነ ቬንትሌተሩ ይጮሃል እንጂ አየር አያንቀሳቅስም፤ ብዙዎች "ቬንትሌተሩ ደካማ ነው" የሚሉት እዚህ ላይ ነው።

መውጫዎቹ ሁሉ ከታች በገመድ የሚዘጋ ክዳን ይኑራቸው፤ የጠዋቱ ሙቀት የሚጀምረው ከዚህ ነውና። 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ወለልህ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ከፍ ሲል ወደ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ብሎኬቱም ድርሻ አለው። ከጥቅምት እስከ ጥር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ውጪው ገና ሞቅ እንዳለ፣ ሁሉንም ዝጋ። "ሞቆኛልና ትንሽ ይናፈስ" ብለህ እስከ ማታ ክፍት ከተውከው የነገ ጠዋትህን ሙቀት ሸኘኸው ማለት ነው። አዳማና ድሬዳዋ ያላችሁ የምታደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ ሌሊት ከፍታችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ትዘጋላችሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖም የብርድ ጠዋት ሊኖር ይችላል። ቤቱን ሙሉ በመብራት ማሞቅን እርሳው፦ 9 ኪሎ ዋት በ220 ቮልት ከ40 አምፔር በላይ ነው፤ የመኖሪያ ቤት ሲንግል ፌዝ መስመር መጋዝ እየነዳ ይህን አይሸከምም። ከዚያ ይልቅ ለኮላና ለእንጨት ትንሽ ክፍል ከልለህ ሥራ፦ 3 በ4 ሜትር፣ ከፍታው 2.5፣ ከባለ 5 ሳንቲ ሳንድዊች ፓነል (በሁለት ላሜራ መካከል ፎም ያለው ሰሌዳ)። ውጪው 3 ዲግሪ ሆኖ ይህችን ክፍል 20 ላይ ለመያዝ ከ800 ዋት ብዙም አይበልጥም፤ ቴርሞስታት ያለው ባለ 1,500 ዋት የዘይት ራዲያተር በቂ ነው። ነጩ ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች ሲደርቅ እንደ ኖራ ዱቄት ይሆንና ጉልበት የለውም። የሚወስነውም የእንጨቱ ሙቀት እንጂ የአየሩ አይደለም፤ የምታጣብቀውን ጣውላ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ አሳድረው። ቫርኒሽ እዚያ የምትረጭ ከሆነ አስቀድመህ አሙቀህ ሄተሩን ንቀልና አየር አስወጣ። ቀይ ሆኖ የሚበራ ሄተር ግን ብናኝም ቲነርም ባለበት ቤት ቦታ የለውም።

አንድ ወንድም ከሰል በምድጃ አድርግ ብሎሃል። አታድርግ። ቀዳዳውን ሁሉ ከደፈንክ በኋላ ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ ገዳይ ይሆናል፤ ጢስ ስለማይታይ ሰው ሳያውቀው ራሱን ይስታል። ፍላጭና ቁርጥራጭ በነጻ ስላለህ እሳት ከፈለግክ ከ200 ሊትር በርሜል የተሠራ፣ በር ያለው ዝግ ምድጃ ይሁን። ባለ 15 ሳንቲ የጢስ ቱቦው ከኮልሞው ቢያንስ 60 ሳንቲ ይለፍ። በዙሪያው 1 ሜትር ምንም የሚነድ አይቀመጥ፤ ቱቦው ጣሪያውን በሚያልፍበት ቦታ በዙሪያው 30 ሳንቲ ፎሙ ወጥቶ ሮክ ውል ይግባ። ምድጃውን ከመጋዙና ከብናኙ በተቃራኒው ጫፍ አስቀምጠው።

እዚህ ላይ የብናኝ መሳቢያህ ትልቅ ጣጣ አለው። በሰዓት 1,800 ሜትር ኩብ የሚስብ መሳቢያ አየሩን ወደ ውጪ የሚተፋ ከሆነ ከ5 ኪሎ ዋት በላይ ሙቀት ይዞብህ ይወጣል። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ሁሉ ዝግ ሲሆን የጎደለውን አየር በምድጃው የጢስ ቱቦ በኩል ይጎትተውና ጢሱ ተመልሶ ቤት ይገባል። ምድጃ ሲነድ መሳቢያው ወደ ውጪ አይተፋ፤ በጥሩ ማጣሪያ ወደ ቤት ይመልስ፣ ወይም ከመግቢያዎቹ አንዱ ክፍት ይሁን። የካርቦን ሞኖክሳይድ (ያ የማይታየው የእሳት መርዛማ ጋዝ) ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ካገኘህ ግዛ።

የትልቁ የብረት በር ጉዳይ አጭር ነው። ውስጡን 4 ሳንቲ ፎም ሞልተህ በላሜራ ሸፍነው፣ ሥሩን በጎማ ዝጋ፣ በእሱ ላይ 90 ሳንቲ የሆነች የሰው በር አውጣ። አንድ ሰው ለመግባት 3 ሜትር በር በተከፈተ ቁጥር የሞቀው ሁሉ ይወጣል።

ቆላ ያላችሁ ስለ ኤሲ ለጠየቃችሁ፦ ለእናንተ ቆርቆሮውን ነጭ ቀለም መቀባት ያዋጣል፤ ኖራ ግን በአንድ ክረምት ይታጠባል። ውሃ የሚያተን ማቀዝቀዣ በበጋ ይሠራል፣ በክረምት አየሩ ሲረጥብ ይሰንፋል፤ እንጨትን ስለሚያሳብጥ ለአናጺ አልመክረውም፣ ለብረት ቤትና ለጋራዥ ይሆናል።

አሁን ከአንተ የሚያስፈልገው፦ ትረሱ እንጨት ነው ወይስ ቱቦላሬ? በትረስና በትረስ መካከል ስንት ሜትር ነው? ፐርሊኑስ በስንት ሳንቲ ተመታ? ቆጣሪህ ሲንግል ነው ወይስ ስሪ ፌዝ? ፎቶውን ከውስጥ አንስተህ ለጥፈው፤ ጂፕሰም ይችል እንደሆነና ፎሙ በፐርሊኑ መሃል ይግባ ወይስ ከሥሩ የሚለውን በዚያ እንወስናለን።