ማይነር ለመምረጥ ለተቸገርሽው እህቴ፦ ብቻሽን ልትማሪው የማትችይውን ምረጪ

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ መሆንሽን፣ ትምህርት ክፍላችሁ ከዋናው ትምህርት ጎን አንድ ማይነር እንድትመርጡ መጠየቁን፣ የቀረበላችሁም ግራፊክስ ዲዛይን፣ ስታትስቲክስ ወይም ኤሌክትሮኒክስ መሆኑን ጽፈሻል። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሥዕል ትወጃለሽ፤ ወላጆችሽ ግን «ሥዕል እንጀራ አይሆንም፤ ከቴክኒኩ አትውጪ» ብለውሻል። ቅጹን ለመሙላት የቀረሽ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ከዚህ በፊት የተሰጡሽ መልሶች አብዛኞቹ «ገበያ ያለውን ምረጪ» የሚሉ ስለሆኑ፣ እኔ ያለፍኩበትን በዝርዝር መጻፍ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ።

እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ። የተማርኩት በሌላ ከተማ ቢሆንም ላለፉት 9 ዓመታት እዚሁ አዳማ ለማተሚያ ቤቶችና ለልዩ ልዩ ድርጅቶች የሕትመት ዲዛይንና አነስተኛ ሶፍትዌር እየሠራሁ እተዳደራለሁ። ዋናው ትምህርቴ እንደ አንቺው ኮምፒውተር ሳይንስ ነበር። ማይነር ሁለት ጊዜ መርጫለሁ፤ የመጀመሪያው ስህተት ነበር፣ ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ ያበላኛል።

ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልንገርሽ። ማይነር የሚያስከፍልሽ ትልቁ ዋጋ ከዋናው ትምህርትሽ ላይ የምትቀንሺው ጊዜ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ደግሞ ያለ መምህር፣ ያለ መሣሪያ ወይም ያለ ሌላ ሰው ዐይን ብቻሽን ልትማሪው የማትችይው ነገር ነው። ከዶርምሽ ሳትወጪ በስልክሽ ልትማሪው ለምትችይው ነገር አንድም ክሬዲት አታውጪ።

የመጀመሪያው ምርጫዬ መልቲሚዲያ ይባል ነበር። የመረጥኩት ጓደኞቼ ስለመረጡት እና «ውጤት ይገኝበታል» ስለተባለ ነው። በሁለት ሴሚስተር የተማርነው ግን የትኛው ሜኑ ውስጥ ምን እንዳለ ነበር። ለ50 ተማሪ 12 ኮምፒውተር ስለነበረን አንዱ ሲነካ ሦስቱ ይመለከታሉ፤ መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ያንኑ ሜኑ በቃል እንጽፋለን። ከሁሉ በላይ ጊዜ የሰጠነው ፍላሽ ለተባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ድረ ገጾች ተንቀሳቃሽ ምስል የሚያሳዩት በእርሱ ስለነበር መምህራችን ማስተማራቸው አያስወቅሳቸውም። ነገር ግን አይፎን ገና ከመጀመሪያው ሳይቀበለው ቀረ፤ ባለቤቱ አዶቤ በፈረንጆቹ 2017 እንደሚያቆመው አስታወቀ፤ በ2020 መጨረሻ ላይም ድጋፉን ጨርሶ አቋረጠ። የተማርኩት ፕሮግራሙን ብቻ ስለነበር ፕሮግራሙ ሲሞት በእጄ የቀረ ነገር አልነበረም። ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ ምት፣ ስለ ሥዕል አቀማመጥ ተምሬ ቢሆን ኖሮ ያንን ዛሬ በሚሠራበት ፕሮግራም ሁሉ እጠቀምበት ነበር።

የመልቲሚዲያውን ኮርሶች ትቼ ወደ ስታትስቲክስ የተዛወርኩት አማካሪ መምህሬ መክረውኝ ነው። ከባድ ነበር፤ የመጀመሪያውን ፈተና ወድቄያለሁ። አንድ ቀን ግን መምህሩ ከየትውልድ ከተማችን አንድ ጥያቄ ይዘን እንድንመጣ አዘዙን። እኔ ከአዳማ ስለ ነፋስ ተርባይኖቹ ይዤ ሄድኩ። ያን ጊዜ የመጀመሪያው የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ፣ 34 ተርባይን እና 51 ሜጋ ዋት ያለው፣ ገና ሥራ መጀመሩ ነበር፤ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው አልደረሰም። ጥያቄዬ «የነፋሱ አማካይ ፍጥነት ከታወቀ የሚመነጨው ኃይል አይታወቅም ወይ?» የሚል ነበር።

መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እንዲህ አሰሉት። የነፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ሳይሆን ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ያድጋል። አንድ ሰዓት በሰከንድ 4 ሜትር፣ ሌላ ሰዓት ደግሞ 12 ሜትር ቢነፍስ አማካዩ 8 ነው። የ8 ኩብ፣ ማለትም 8 × 8 × 8፣ 512 ነው። ሁለቱን ለየብቻ ኩብ ስናደርጋቸው ግን 64 እና 1,728 ይሆናሉ፤ የእነርሱ አማካይ 896 ነው። ተርባይኑ የማምረት ጣሪያው ላይ እስኪደርስ ድረስ፣ አማካይ ፍጥነትን ብቻ ይዞ ያሰላ ሰው በቦታው ያለውን ኃይል በእጅጉ አሳንሶ ይገምታል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የሚፈልጉት አማካዩን ብቻ ሳይሆን ነፋሱ በየፍጥነቱ ስንት ሰዓት እንደሚነፍስ የሚያሳየውን ሥርጭት ነው። ያን ቀን «አማካይ» የሚለው ቃል ለእኔ ተለወጠ። ዛሬ አንድ ደንበኛ «በአማካይ በቀን 40 ሰው ድረ ገጼን ይጎበኛል» ሲለኝ ወዲያውኑ ስለ ሥርጭቱ እጠይቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም 40 የሚባል ቀን ጨርሶ የለም፤ ያለው 5 እና 200 ነው። ይህን ከቪዲዮ ልማር እችል ነበር ወይ ብትይኝ፣ ስሌቱን አዎን። ነገር ግን የወደቅኩበትን ፈተና መልሶ የሚያስፈትነኝ፣ ስህተቴን በቀይ እስክሪብቶ የሚያሳየኝ ሰው ባይኖር ኖሮ በሦስተኛው ሳምንት እተወው ነበር።

አንዳንዶች ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ዳታ ሳይንስን ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ስለሚሰጥ ስታትስቲክስ በማይነር መማር አያስፈልግም ብለውሻል። መርሐ ግብሩ መልካም ነው፤ ማይነርሽ ምንም ይሁን ምን ተመዝገቢበት። ሆኖም መነሻና መሣሪያ ይሰጥሻል እንጂ ፕሮባቢሊቲን ከሥሩ ለማወቅ የሚጠይቀውን ግዳጅ አይተካም።

አሁን ልብሽ ወዳለበት ወደ ዲዛይኑ ልምጣ፤ እኔም ብዙ የምናገረው እዚህ ላይ ነው። ሥራ ስጀምር ዲዛይን በኮምፒውተር የሚሠራ ስለሆነ እችለዋለሁ ብዬ ነበር። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፤ በየሆቴሉ አዳራሽ ባነር፣ የመርሐ ግብር ወረቀት፣ መጽሔት፣ የስም ካርድ ይፈለጋል፤ ስለዚህ ሥራ አላጣሁም። ያጣሁት ዐይን ነው። የመጀመሪያው ባነሬ በስክሪን ላይ ደማቅ ሰማያዊ የነበረው ታትሞ ሲወጣ ደብዛዛ ወይን ጠጅ ሆነ። ስክሪን ቀለምን የሚሠራው በብርሃን፣ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ነው፤ ማተሚያ ግን በአራት ቀለም፣ በሳያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ነው፤ ስክሪኑ የሚያሳየውን ደማቅ ቀለም ሁሉ ወረቀት ሊያወጣው አይችልም። ይህ ከመጽሐፍ የሚገኝ እውቀት ስለሆነ በአንድ ሳምንት ተማርኩት። ፊደሉ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተገኘም።

የዲዛይን ፕሮግራሞች ይዘውልሽ የሚመጡት ናሙና በአብዛኛው ለላቲን ፊደል የተሰናዳ ነው። በላቲን ርዕስን ለማጉላት ቃሉን በትላልቅ ፊደላት መጻፍ ይቻላል፤ የእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ የለውም። ስለዚህ የትኛው ቀድሞ እንደሚነበብ የምትወስኚው በመጠን፣ በውፍረት፣ በክፍተትና በቀለም ነው። የብራና ጸሐፍቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ጥቁሩን ለጽሑፉ፣ ቀዩን ለርዕስና ለቅዱሳን ስም ያውሉታል። በተጨማሪም 33ቱ ፊደላት በ7 መልክ 231 ይሆናሉ፤ በብዙዎቹም ላይ ካዕቡንና ሣልሱን የሚለየው አንዲት ጭረት ወገብ ላይ ወይም እግር ሥር መሆኗ ብቻ ነው። ቡ እና ቢን፣ ሱ እና ሲን አስተያይው። ባነሩ ከሩቅ ሲታይ ወይም ፊደሉ ሲያንስ ሁለቱ ይቀላቀላሉ፤ ያኔ የሰው ስም ይበላሻል።

ይህንን ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት የታፔላ ጸሐፊ ናቸው። 7 ወር ሙሉ በየማታው ከሱቃቸው እሄድ ነበር። የበ ቤተሰብን ሰባቱንም መልክ አንድ ጊዜ በመዳፍ ልክ፣ አንድ ጊዜ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ እንድጽፍ ያደርጉኛል፤ ከዚያ ሰሌዳውን አቁመው ከመንገዱ ማዶ ይሻገሩና ከዚያ ሆነው ያነቡታል። ሲመለሱ «የአራተኛዋን ሆድ አፍነኸዋል» ይሉኛል፤ በውስጧ ያለውን ነጭ ቦታ ማለታቸው ነው። እኔ ጥቁሩን እንጂ ነጩን አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ በፊት በርካታ የማስተማሪያ ቪዲዮ አይቻለሁ፤ ቪዲዮ ግን የእኔን ሥራ አያይም።

በኮምፒውተር ሳይንስና በዲዛይን መካከል ያለውን ድልድይ ያገኘሁትም በፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ የተካተተው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች ከ256 በማይበልጥ ቦታ ላይ ፊደላቱን ለማሳረፍ ሲሉ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፋይል ይከፍሉታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ግንዱንና ጭረቱን ለየብቻ አስቀምጠው ያገጣጥሙታል። አንድ ደንበኛ በእንዲህ ዓይነት ፎንት የተጻፈ የ60 ገጽ መጽሔት ይዞ ሲመጣ ጽሑፉ በእኔ ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ምልክት ብቻ ሆነ። ማተሚያ ቤቱ እንደገና ሊያስተይበው ነበር። እኔ የፊደላቱን መለወጫ ሠንጠረዥ ሠርቼ በአነስተኛ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ቀየርኩት፤ ከዚያ ገጾቹን ራሴ አቀናበርኩ። ዲዛይነር ብቻ ብሆን ፕሮግራሙን አልጽፍም፤ ፕሮግራመር ብቻ ብሆን የትኛው ፊደል ተበላሽቶ እንደወጣ አላይም ነበር። ወላጆችሽን ስታነጋግሪ ይህን ዓይነት ምሳሌ ንገሪያቸው፤ የሚሉሽ ከፍቅርና ከስጋት እንደመሆኑ ክርክር ሳይሆን ማሳያ ነው የሚያሳምናቸው።

ስለ ኤሌክትሮኒክስ የምለው አጭር ነው። ቤተ ሙከራውን በዐይንሽ እይው። ኦሲሎስኮፑ፣ የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳየው መሣሪያ፣ ይሠራል ወይ? ብየዳውን ተማሪው በእጁ ነው የሚሠራው ወይስ ቆሞ ነው የሚያየው? ከመደበኛው ሰዓት ውጭ ይከፈታል ወይ? ሦስቱም አዎን ከሆኑ ዋጋ አለው፤ ካልሆኑ አርዱዊኖ በተባለው አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ መለማመጃ ሰሌዳ ቤትሽ ሆነሽ የምትሠሪው ይበልጣል። ከጽሑፍሽ እንደተረዳሁት ግን ወደዚህኛው የሚስብሽ ነገር የለም።

ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት የምታደርጊው ይህ ነው። የሁለቱንም፣ የዲዛይኑንና የስታትስቲክሱን፣ ኮርስ አውትላይን ከትምህርት ክፍሎቹ ጠይቀሽ ውሰጂ፤ የማይነሩን ስም ተይና ዝርዝሩን አንብቢ። የዲዛይኑ ኮርሶች ስም የፕሮግራም ስም ከሆነ፣ ማለትም ፎቶሾፕ አንድ፣ ፎቶሾፕ ሁለት እያለ የሚሄድ ከሆነ፣ ተይውና ያለ ጸጸት ስታትስቲክስን ምረጪ፤ ፎቶሾፑን ክረምት ላይ ትማሪዋለሽ። በዝርዝሩ ውስጥ የእጅ ሥዕል፣ የፊደል አጣጣልና የገጽ አቀማመጥ ካሉበት፣ ተማሪዎችም ሥራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው በመምህርና በጓደኞቻቸው የሚገመገሙ ከሆነ ግን ዲዛይኑን ምረጪ። በዋናው ትምህርትሽ ቢያንስ አንድ የፕሮባቢሊቲና ስታትስቲክስ ኮርስ ይኖርሻል፤ ሥዕልሽን የሚያርምልሽ ሰው ግን በሌላ በየትኛውም ክፍል አታገኚም። ባለፈው ዓመት የተማሩትን ፈልገሽ «በእጃችሁ ምን ሥራ ቀረ? አሳዩኝ» በያቸው። ስለ ውጤት አትጠይቂ፤ እኔን ያሳሳተኝ እርሱ ነው።

ሬጅስትራርንም ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ማይነሩ በትራንስክሪፕት ላይ በስሙ ይጻፋል ወይ፣ ውጤቱስ ከጠቅላላ ነጥብሽ ጋር ይደመራል ወይ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግዴታው ሆኗል፤ ፈተናው የሚወጣው ከዋናው ትምህርት ክፍል ዋና ዋና ኮርሶች ስለሆነ ማይነርሽ አንድም ጥያቄ አይመልስልሽም። ስለዚህ የማይነር ኮርሶችሽን ወደ መጨረሻው ዓመት አታከማቺ፤ ከሦስተኛ ዓመት ጀምረሽ በየሴሚስተሩ ከአንድ አታሳልፊ። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ግን ሁለቱ የሚገናኙበት አድርጊው፤ ለምሳሌ በትንሽ ስልክ ላይ ካዕብና ሣልስ ሳይቀላቀሉ የሚነበብ የአማርኛ ገጽ መሥራት ለዲዛይኑም ለኮምፒውተር ሳይንሱም የሚበቃ ጥያቄ ነው።

የኮርስ አውትላይኖቹን እንዳገኘሽ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ። እስከ ሐሙስ ካደረስሽልኝ ኮርስ በኮርስ አንብቤ የትኛው ዕውቀት፣ የትኛው የሜኑ ጉብኝት እንደሆነ እጽፍልሻለሁ። ከሥዕሎችሽም ሁለት ሦስቱን አብረሽ ላኪ፤ አማርኛ የጻፍሽበት ካለ ደግሞ እርሱን አስቀድሚ።